ጸሎትን እንደ ገና ስንማር



«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ነን። እኛም ስለ ጸሎት ያለን እውቀት ለረዥም ዘመን ከዚህ ተረት አላለፈም ነበር። ጸሎት ማለት ልብ ሲሞላ የሚፈስ ነገር ነው፤ ልብ ካልሞላ ደግሞ ይቀራል እንጂ ምን ይደረጋል፤ ብለን ነበር የምናምነው። ዛሬ በዚህች ከእጅ ወደ እጅ በምትዞር መጽሔታችን ልንጽፍ የወደድነው ይህ እምነታችን እንዴት እንደ ተሰበረና በምትኩ ምን እንደ ተማርን ነው። ጸሎተኞች ሆነናል ለማለት አይደለም። ገና ጀማሪዎች ነን። ሆኖም ጀማሪ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የወደቀበትን ቦታ ነው። አዋቂ የጥንት አወዳደቁን ይረሳዋል፤ ጀማሪ ግን ጉልበቱ ገና ስላልሻረ አይረሳውም።

በዚህ በካኩማ የማይጸልይ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። የደቡብ ሱዳን ወንድሞቻችን እሑድ ከበሯቸውን እየመቱ ሲዘምሩ እስከ እኛ ሰፈር ይሰማል። ጎሕ ሳይቀድ የሶማሌዎቹ አዛን ይቀሰቅሰናል። ኮንጎዎቹም መዝሙር ከጀመሩ በቶሎ አያቆሙም። እኛም በበኩላችን ነጠላችንን አጣፍተን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፤ በጾሙ እንጾማለን፤ እንደ አቅማችን ዝክር እናወጣለን። ጣቢያው በ1984 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በዚህ በቱርካና አሸዋ ላይ ያልተንበረከከ ሕዝብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጸሎት የሚባል ነገር ጠፍቶብን አያውቅም። የጠፋብን ሌላ ነገር ነበር።

እኛ አምስት ነን። በአንድ ረድፍ በተሠሩ ቤቶች የምንኖር፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ማታ ማታ ባንዳችን ደጃፍ ተሰብስበን የምንጸልይ ጎረቤታሞች ነን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ያ የማታ ጸሎታችን ማመልከቻ ነበር። የሰፈራ ስም ዝርዝር ይወጣል የተባለ ሰሞን ጸሎቱ ይበረታል፤ ስግደቱ ይበዛል፤ አንዱ ለሚካኤል፣ አንዷ ለማርያም፣ ሌላው ለተክለ ሃይማኖት ይሳላል። ዝርዝሩ ተለጥፎ ስማችን ሳይኖርበት ሲቀር ደግሞ መጀመሪያ አንዱ ራሴን አመመኝ ይላል፤ በማግሥቱ ሌላዋ ልብስ አጠባ አለብኝ ትላለች፤ ሳምንት ሳይሞላ ደጃፉ ባዶ ይሆናል። ሌላ ዝርዝር መምጣቱ እስኪወራ ድረስ ከእግዚአብሔር ጋር የሚያነጋግረን ጉዳይ አልነበረንም።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ይደረግ የነበረው የስደተኞች ሰፈራ በትእዛዝ ታገደ። ትኬት ተቆርጦላቸው የነበሩ ብዙዎች ጉዟቸው ተሰረዘ። ከእኛም መካከል ሁለቱ የጤና ምርመራቸውን ጨርሰው፣ አልጋና ምድጃቸውን ሸጠው የጉዞ ቀን ይጠብቁ ነበር። ወሬው የደረሰን ዕለት ማታ አምስታችንም ተሰበሰብን። ነገር ግን የሚጀምር ሰው ጠፋ። መሬት መሬቱን እያየን ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ከሴቶቹ አንዷ፣ «እስቲ ሌላ የምንለምነው ነገር ካለ አስታውሱኝ» አለች። ያስታወሳት አልነበረም። በስመ አብ እንኳ ሳንል ወደየቤታችን ገባን።

ያን ሌሊት ነው የገባን። እግዚአብሔርን የምናውቀው ማኅተም እንደ ያዘ ሹም ኖሯል። ጉዳያችን ሲዘጋ ደጁም አብሮ የተዘጋ መሰለን። ያለቀሰም አልነበረም። ተረቱ እንባ አይገድም ቢልም የእኛ እንባ ገደደ።

በረድፋችን ጫፍ አንዲት እማሆይ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሲጠየቁ «መቁጠሩን ትቼዋለሁ» ይላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መቋሚያቸውን ሳይደገፉ አይቆሙም። በማግሥቱ ሄደን የደረሰብንን አጫወትናቸው። ያጽናኑናል ብለን ነበር። እሳቸው ግን፣ «ዛሬ ቀትር ላይ ምን ስትሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቁን።

«ተኝተን ነበር፣ እማሆይ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ተኝተን ነበር።»

«እንግዲያው ገና ምኑን ጸለያችሁና ነው ጸሎት አለቀብን የምትሉኝ? ልጆቼ፥ ቃል አለቀብን ብላችሁ አትፍሩ። ቃል ሲያልቅ ሰዓት አለ። እናንተ ሰዓቱን ጠብቁ፤ ቃሉ ወደ ሰዓቱ ይመጣል» አሉን።

ከዚያም በጣቶቻቸው ቆጠሩልን። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ስሞቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ስም ነበር የምናውቃቸው። ዳዊት በ118ኛው መዝሙር አምላኩን በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን መስክሯልና አባቶቻችን በዚያ ላይ ሰባቱን ሠሩ። ነግህ የንጋት ጸሎት ነው፤ ሌሊቱን አሳልፎ ብርሃን ላወጣው ምስጋና የሚቀርብበት፣ ጌታም በጲላጦስ ፊት መቆሙ የሚታሰብበት ነው። ሠለስት ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የተገረፈበት ይታሰባል፤ መንፈስ ቅዱስም በሐዋርያት ላይ የወረደው በዚህ ሰዓት ነው። ቀትር ስድስት ሰዓት ነው፤ የተሰቀለበት። ተሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት። ሠርክ ወደ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ወደ መቃብር የወረደበት። ንዋም እንቅልፍ ማለት ነውና የመኝታ ጸሎት ነው፤ በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱ ተኝተው ሳሉ ብቻውን የጸለየው ይታሰብበታል። መንፈቀ ሌሊት ልደቱ፣ ትንሣኤውና ዳግም ምጽአቱ የሚታሰብበት ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ለጸሎት የወጣው በቀትር ነበር፤ ከዮሐንስ ጋር ሽባውን በመቅደስ ደጅ ያገኙት ለዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ሲወጡ ነበር። በአገራችንም አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ሰዓታትን ያዘጋጁት ይህን ሥርዓት ተከትለው ነው።

የሚገርመው ነገር ይህ አቆጣጠር እዚህም አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ከጧቱ ሦስት ሰዓትን «ሳአ ታቱ»፣ ቀትርን «ሳአ ሲታ»፣ ዘጠኝ ሰዓትን «ሳአ ቲሳ» ይላል። ቲሳ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ስለ ሆነ ከግእዙ ተስዓቱ ጋር አንድ ዘር ነው። ይህን ካወቅን በኋላ መንገድ ላይ ሰዓት ጠይቀን «ሳአ ቲሳ» ሲሉን፣ ተናጋሪው ሳያውቀው ለጸሎት የጠራን ይመስለናል።

እንግዲህ በታላቅ ወኔ ሰባቱንም ባንድ ቀን ጀመርን። ስልካችንን ለመንፈቀ ሌሊት እንዲጮኽ አደረግነው። ሦስት ቀን ያህል ያዝነው። በአራተኛው ቀን መንፈቀ ሌሊት ቀረ፤ ቀጥሎ ተሰዓት ራሽን ለመቀበል ተሰልፈን አለፈ፤ ቀጥሎ ቀትር በሙቀት ተሸነፈ። በዐሥረኛው ቀን አንድም የቀረን አልነበረም። በዚያው ሰሞን ቧንቧ ላይ አንዲት ሶማሌ ጎረቤታችን በስዋሂሊ፣ «እናንተስ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትጸልዩት?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ኮራ ብለን «ሰባት ጊዜ» አልናት። «ማሻላህ! ሰባት ጊዜ! እኔ ግን አንድም ቀን አይቻችሁ አላውቅም» አለች። ሴትዮዋ በቅንነት ነበር የተናገረችው። እኛ ግን የምንገባበት ጠፋን። ለእምነቷ አምስት ጊዜ ውሃ ቀንሳ የምትታጠብ ሰው ፊት፣ ሰባት የሚል ቁጥር ብቻ ይዘን ቆመን ነበር።

ለእማሆይ ይህን ስንነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሰባት እንጀራ ባንድ ገበታ! ሆዳችሁ መቼ ለምዶ?» አሉ። ከዚያም ሁለቱን ብቻ ያዙ አሉን፤ ነግህንና ንዋምን። ለአርባ ቀን ሁለቱን ብቻ፤ ሦስተኛ ብትጨምሩ እቀየማችኋለሁ ብለው አስጠነቀቁን። ነግህ ከጀሪካን በፊትና ከስልክ በፊት ይሁን። ንዋም ጀርባችሁ ምንጣፉን ሳይነካ ይሁን። የሚባለውም ብዙ አይደለም። በስመ አብ ብሎ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ መቆም። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ስለ ሆነ ቀኑ እንኳ ለተምታታበት ስደተኛ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ዛሬ ረቡዕ ነው እያለ ያስታውሰዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና ከአርባ ቀን በኋላ ቀትርን ጨመርን፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ሠርክን። እስከ ዛሬ ሰባቱን አልሞላንም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፥ ልብ ብለህ አድምጠን። ከእነዚያ አርባ ቀኖች ውስጥ ልባችን የሞላባቸው ቀኖች ምናልባት ስድስት ወይም ሰባት ቢሆኑ ነው። የቀሩት ደረቅ ነበሩ። አፋችን ይላል፤ ልባችን የዱቄቱን መጠን ያሰላል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ዛሬ ጸሎት እምቢ ብሎኛል ብለን እንተወው ነበር፤ በደረቅ ልብ መቆም ግብዝነት ይመስለን ነበር። እማሆይ ግን፣ «ልጅ እናቱን የሚጠራት በወደዳት ጊዜ ብቻ ነው? ሲናደድም፣ ሲርበውም፣ እንቅልፍ ሲያዳፋውም እማዬ ይላል» አሉን። ስለዚህ ቆምን። ደረቁን ቀን ደረቅ አድርገን አቀረብነው። አንዳንዴም ከአምስታችን የአንዱ ልብ ያን ዕለት ሕያው ሆኖ ይገኝና የሌሎቻችን ከእሱ ሲቃ ይለኮሳል። አብሮ የመጸለይን ጥቅም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ሁላችንም ባንድ ቀን ደርቀን አናውቅም፤ ብንደርቅም ሰዓቱ አለ።

ስለ ብዛቱ ይህን ያህል ካልን ስለ ጥልቀቱ ደግሞ እንናገር። የውሃው ወረፋ ረዥም ነው። ጀሪካኖቹ ተሰልፈው እኛ ጥላ ፍለጋ ስንቅበዘበዝ የሚወራው ሁሉ ሐሜትና የዝርዝር ወሬ ነበር። ከእኛ አንዱ መቁጠሪያ ስለ ሌለው በጣቱ አንጓ እግዚኦ ማለት ጀመረ። ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች ለየአንዳንዳቸው ሦስት አንጓ አላቸው፤ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ። ሦስት ጊዜ ሲዞሩ 36፤ በመጨረሻ አምስቱን የጣት ጫፍ ሲጨምሩ 41። በዚህ መንገድ በየወረፋው 41 እግዚኦ የምንል ሆንን። ደስ አለን፤ ግን ብዙም ሳንቆይ ራሽን እንደሚሰፍር ሰው በጥድፊያ መቁጠር ጀመርን። ለእማሆይም «ዛሬ አራት ጊዜ 41 አልን» ብለን አወራን። «ስንቱን ሰማችሁት?» አሉ። ዝም አልን። «አንዱን እስክትሰሙት ድረስ ሁለተኛውን አትጀምሩ» አሉን። በማግሥቱ ጀሪካናችን ሞልቶ ተራችን እስኪያልፍ ድረስ ከሦስት አላለፍንም።

አጭር ጸሎት የሰነፍ ጸሎት እንዳይመስላችሁ ዲያቆናችን ካነበበው አንድ ታሪክ ነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ410 ሮም በጎቶች ስትዘረፍ ፕሮባ የምትባል የታላቅ ቤት መበለት ባሕር ተሻግራ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሰደደች። በዚያ ሳለች ለሂፖው ጳጳስ ለአውግስጢኖስ እንዴት መጸለይ እንደሚገባት ጽፋ ጠየቀችው። እሱም በመለሰላት ረዥም ደብዳቤ፣ በግብፅ ያሉ ወንድሞች አጫጭር ጸሎት እየደጋገሙ እንደሚያቀርቡ፣ ይህንም የሚያደርጉት የልባቸው ትጋት በርዝመት ብዛት እንዳይደነዝዝ መሆኑን ገለጸላት። ብዙ መናገርና ብዙ መጸለይ አንድ አለመሆኑንም አስረዳት። ይህ ደብዳቤ ለስደተኛ የተጻፈ መሆኑን ስንሰማ ለእኛም የተላከ መሰለን። ፕሮባ ከቤቷ ወጥታ ሌላ አገር ሆና የጠየቀችው ንብረቷ እንዴት እንደሚመለስ አልነበረም፤ እንዴት ልጸልይ የሚል ነበር።

ሌላው ችግራችን የሐሳብ መባዘን ነው። ለቀትር ስንቆም ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፤ ላብ በጀርባ ይወርዳል፤ አእምሮም ወዲያው ሹልክ ብሎ አገር ቤት ይገባል። የእናት ፊት ይመጣል፤ ብድር ያለብን ሰው ይመጣል፤ የተጣላነው ይመጣል። መጀመሪያ እንደ ዝንብ እያባረርናቸው ስንታገል ጸሎቱ ያልቅ ነበር። በኋላ የተማርነው ሌላ ነው። የመጣውን ሰው ከማባረር ስሙን ጠርቶ በጸሎቱ ውስጥ ማስቀመጥ። እናት ከመጣች እናትህን ጠብቃት ማለት፤ አበዳሪው ከመጣ ለእሱም ስጠው ማለት። ያን ጊዜ ያባዘነን ሐሳብ ራሱ የጸሎት እንጨት ይሆናል። እኛ ይህን ቀላል ትምህርት አድርገን ነበር የያዝነው። እንደማይቀል ያወቅነው ቆይቶ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአምስታችን የአንዱ ስም ለሌላ አገር ወጣ። ይህ ወንድማችን ከሁላችን ኋላ ወደዚህ ጣቢያ የመጣ ነው። ሌሎቻችን ዓመት በዓመት ላይ ስንቆጥር እሱ ገና የመጀመሪያውን ጥላ ቤቱን ሲሠራ የረዳነው ነው። ሰሌዳው ፊት ቆመን ስሙን ስናነብ አቀፍነው፤ እልል ያለችም አለች። ያን ዕለት ማታ ግን ለንዋም ስንቆም የአንዳችንም ድምፅ አልወጣም። አቡነ ዘበሰማያት በጋራ የሚባል ጸሎት ነው፤ አባታችን እንጂ አባቴ አይልም። እኛ ያን ማታ «ታችን» የምትለዋን ማለት አቃተን። ከእኛ አንዱ ሦስት ቀን ሳይመጣ ቀረ። ማን እንደ ሆነ አንጽፍም፤ የመጡትም ቢሆኑ በእግራቸው ብቻ ነበር የመጡት።

እማሆይ ማንም ሳይነግራቸው አወቁ። አራታችንንም አስጠርተው ስለ ቅናት አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ «የወይኑ ባለቤት ሠራተኛ ሊቀጥር የወጣው በስንት በስንት ሰዓት ነበር?» ብለው ጠየቁን። ከማቴዎስ ወንጌል 20ኛ ምዕራፍ እያስታወስን ማለዳ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ብለን መለስን። «እንግዲህ የምትጠብቁት ሰዓት ይኸው አይደለም እንዴ?» አሉን።

እውነት ነው። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ። ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሰዓቶቹ የጸሎታችን ሰዓቶች መሆናቸውን ግን አስተውለን አናውቅም። በአሥራ አንድ ሰዓት የመጡት ደመወዛቸውን ከማለዳዎቹ ቀድመው ተቀበሉ፤ የማለዳዎቹም አጉረመረሙ። የቀኑን ሸክምና ሐሩር የተሸከሙት እነሱ ስለ ሆኑ ማጉረምረማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛም ምክንያት ነበረን። ዓመቶቻችንን ቆጥረን ነበር።

«ባለቤቱ ይህን ያህል ጊዜ እየደጋገመ ወደ ገበያ የወጣው ለምን ይመስላችኋል?» አሉ እማሆይ። «ሰው ሥራ ፈትቶ ቆሞ እንዳይውል አዝኖ ነው። እናንተም በየሰዓቱ የምትቆሙት እሱ በየሰዓቱ ስለሚወጣ ነው። የወንድማችሁን ስም በአራቱ ሰዓት እስከ ሰባት ቀን አንሡ። ልባችሁ እሺ ካለም አንሡ፤ እምቢ ካለም አንሡ።»

እውነቱን ብንጽፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ስሙን የጠራነው ጥርሳችንን ነክሰን ነው። በሦስተኛው ቀን ከእኛ አንዷ በቀትር ላይ ስሙን ጠርታ፣ «እኔ እንድሰጠው የምፈልገውን አላውቅም፤ አንተ የምትፈልገውን ስጠው» አለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ እውነተኛ ጸሎት ከመካከላችን ሰምተን አናውቅም ነበር። በአምስተኛው ቀን የቀረው ወንድማችን መጣ። ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጸለየ። በስድስተኛው ቀን ደግሞ ስሙ የወጣለት ራሱ መጣ፤ እሱም ከዚያች ማታ ወዲህ ሸሽቶን ነበር። አፍሮ ነበር የሸሸን። እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ ስሙን በሌላችን ስም ለመቀየር ይቻል እንደ ሆነ እስከ መጠየቅ እንዳሰበ ነገረን። በየሌሊቱም የእኛን ስም ሲያነሣ ኖሯል። እኛ በቅናት፣ እሱ በኀፍረት ሆነን በየቤታችን አንዳችን ለሌላችን ቆመን ነበር።

ቅናቱ ጠፋ አንልም። የሄደ ዕለት ሻንጣውን አውቶቡሱ ድረስ ተሸክመን፣ አውቶቡሱ አቧራውን አንሥቶ ሲሄድ ሆዳችን ተላወሰ። ዛሬም ፎቶግራፍ ሲልክ ይላወሳል። ነገር ግን ቅናቱ ከጸሎት አላስወጣንም፤ ይዘነው ገባን። ጥልቅ ጸሎት ማለት ከሰውነት የሚያስረሳ ተመስጦ ይመስለን ነበር። ያ ለቅዱሳን የሚሰጥ ይሆናል። እኛ የደረስንበት ጥልቀት ግን ይህን ያህል ነው፤ ለራሳችን ስንለምነው የኖርነውን ለሌላው ሲሰጥ አይተን፣ ለዚያው ሰው መለመን ችለናል።

ይህን ስንል ለራስ መለመን ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ሐና ልጅ ለምናለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። እኛም እስከ ዛሬ የመውጫ መንገድ እንለምናለን። ልዩነቱ ልመናው ከብዙዎቹ ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ጸሎቱ አይቆምም።

መጀመር የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር የምንለው ጥቂት ነው። አንደኛ፣ በሁለት ሰዓት ጀምር፤ ሰባቱን አትመኝ። ሁለተኛ፣ ሰዓትህን ከማይቀር ሥራ ጋር እሰረው፤ ውሃ ከመቅዳት፣ እሳት ከማንደድ፣ ምንጣፍ ከመዘርጋት ጋር። ሦስተኛ፣ ብቻህን አትሁን፤ ሁለት ሰው ይበቃል። አራተኛ፣ ደረቁን ቀን አትዝለለው። አምስተኛ፣ ስሙን ለማንሣት የሚከብድህ ሰው ካለ ከእሱ ጀምር። ዳንኤል በምርኮ አገር በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ ይጸልይ ነበር። እኛ መስኮት የለንም፤ ቢሆንም ፊታችንን ወደ ምሥራቅ እንመልሳለን። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ፣ እዚህ ሆነን ምሥራቁ የማን አገር ምሥራቅ ነው ብሎ ሲያጉረመርም እማሆይ፣ «ምሥራቅ የትም ቢሆን ምሥራቅ ነው፤ ለስደተኛ ተብሎ የተለየ ፀሐይ አልወጣም» ብለውታል።

ዛሬ በደጃፋችን የቀድሞዎቹ አራት አለን፤ አዲስ የመጡ ሦስትም አሉ። የሄደው ወንድማችን ዳዊቱን ትቶልናል፤ ከእሱ እናነባለን። እማሆይ አሁን መቆም አቅቷቸው ተቀምጠው ነው የሚጸልዩ፤ «እናንተ ቁሙልኝ» ይላሉ። ሶማሌዋ ጎረቤታችንም አንድ ቀን ቀትር ላይ በእንቅልፍ ብንዘገይ ቆርቆሯችንን ቆርቁራ፣ «ሳአ ሲታ ሆኗል፤ ዛሬ አትጸልዩም እንዴ?» ብላ ቀስቅሳናለች።

ይህን ጽሑፍ የምትገለብጥ እጅ ትባረክ። እኛም እዚህ ላይ እናቆማለን። ውጭ አንድ ልጅ ሰዓት ሲጠይቅ ይሰማል፤ ሳአ ቲሳ ነው ብለው መለሱለት።